ቅርፊቱ

ሮላ፣ ሻርጃ። ነሐሴ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።
ከውጭ በኩል አልቦታል የሱቁ መስታወት።
ሞይዲን ሩዙን በልቶ ከባንኮኒው ሥር ተኝቷል፤
የኤሲው ጠብታ ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ ሰዓት ይቆጥራል።

ሉባባ ገባች። በአንድ እግር የሕፃን ካልሲ የተጠቀለለ
ጥቁር ነገር አወጣች፣ መዳፌን የሚያክል።

"ወድቆብኝ ነው" አለች፣ "ከላይኛው አልጋ፤
ሦስት ሱቅ ዞሬበታለሁ ወደ እናንተ ሳልጠጋ።
አንዱ ጣዪው አለኝ፤ አንዱ ስምንት መቶ ድርሃም ጠየቀኝ፤
አንዱ 'ምን አለበት?' ብሎ፣ ካልሲውን አይቶ ሳቀብኝ።"

እኔ ምን አለበት አላልኳትም።
የሰው ዕቃ ሲከፍቱ ሆዱን አይጠይቁትም።

ሳጥኑ ብሎን የለውም። የሠራው ሰው አስቦበታል፤
እንዲገጠም እንጂ እንዲፈታ አልፈለገም ይመስላል።
በወገቡ ዙሪያ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች፤
ሂሳቧ ያለቀ የስልክ ካርዴ እዚያ እዚያ ገባች።

ጠቅ። አንደኛው ጥርስ ለቀቀ።
የሉባባ ጣት ባንኮኒው ላይ ደረቀ።
ጠቅ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ግን ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤
"አይዞሽ፣ ይሄ ልብሱ ነው" አልኳት፤ የኔም ልብ ደንግጦ ነበረ።

ክዳኑ ተነሳ። ውስጡ ያው የማውቀው ነው፤
ከላፕቶፕ ሆድ የሚወጣው፣ ብር መሳይ፣ ጠፍጣፋ፣ ዝም ያለው።
አራት ጎማ በአራት ማዕዘን እንደ ትራስ ደግፈውታል፤
አንደኛው በዚህ አገር ሙቀት ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይሳባል።
ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ አለች፤
የገመዱ መሰኪያ ተነቅሎባት ወደ ጎን አጋድላለች።

እሷ ናት። የሞተችው እሷ ብቻ ናት።
ዲስኩን በሁለት አውራ ጣት፣
ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ
(ወደ ላይ ያነሱት እንደሆን ፒኑ ይታጠፋል፤
አንዴ አጥፌ የሳምንት ደሞዜን ከፍያለሁ)
ቀስ፣ ቀስ፣
ከተኛ ልጅ ራስ ሥር ክንድን እንደሚያወጡት፣
ሳብኩት።
"እንደሱ ነው" አለች ሉባባ፣ ለራሷ።

ከሞይዲን መሳቢያ ሌላ ገመድ ፈለግሁ፤ ሰካሁት።
ጆሮዬን አስጠጋሁ። እሷም ጆሮዋን።
ቋ፣ ቋ ካለ አበቃ፤
ያን ድምፅ ሰምቼ ለስንት ሰው መርዶ ነግሬያለሁ ለዚህ ዕቃ።

ቋ አላለም። በረጅሙ ተነፈሰ፤ ዞረ፤
እፍኝ ውስጥ እንደያዙት ጫጩት ሞቀ፤ ኖረ።

እኔ የጠበቅሁት
የሐዋላ ደረሰኝ፣ የቆርቆሮ ሂሳብ፣ ጣሪያው ያላለቀ ቤት፤
የኛ ሰው ይዞት የሚመጣው ያው ነው፣ ስከፍት ስከፍት ለምጄዋለሁ።
"አንዱን ልንካው? መሥራቱን ለማየት ነው።"
"ንካው።"

ኩሽና። ነጭ ሰድር። የሁለት ዓመት ልጅ መሬት ተቀምጣለች፤
ወርቅ ጉትቻ፣ አንድ እግሯ ባዶ።
"ሸምሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ይላል ከካሜራው ኋላ የሉባባ ድምፅ።
"ውሃ" ትላለች ልጅቱ።
በአማርኛ። "ሃ"ን እንደ ወሎ ሰው ጎትታ።
"ሉባ፣ ነይ። ውሃ።"

አራት ሰከንድ ነው። እንደገና ነካሁት።

"አሁን አሥር ዓመቷ ነው" አለች።
"የረመዳን ሰሞን ሞል ውስጥ አየኋት፤
ከጓደኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ አለፈችኝ።"

አዲስ ሳጥን ሃያ አምስት ድርሃም ነው አልኳት፤
ብረቱ እርቃኑን አይያዝም፣ ላብ አይወድም።
"ልብስ አለው" ብላ ካልሲውን አፉን ከፈተች፤
ዲስኩ ልክክ ብሎ ገባ፣ ተረከዙ ጋ ትንሽ ተወጥሮ።

ከወጣች በኋላ ሞይዲን ነቃ፣ ዓይኑን እያሸ፤
"ምን ነበር?" አለኝ። "ሳጥኑ ነው" አልኩት፣ "ሳጥኑ ብቻ ነው የተበላሸ።"

ባዶውን ቅርፊት አልጣልኩትም።
ትንንሾቹን ብሎኖች፣ ከየት እንደተፈቱ የማላስታውሳቸውን፣
እዚያ ውስጥ አጠራቅማለሁ።